የሰሊሆም ጎተራና የኩልፎ ውሃ ተራ

ለምወድሽ ልጄ ለመቅደስ ይፍሩ፤

ይህ የእናትሽ የሻሺቱ እጅ ጽሑፍ ነውና ሰላምታዬ ከፊደሉ ቀድሞ ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጥቅምት ላይ የጻፍሽልኝ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? እዚያ ህንድ አገርም ብርድ ይገባል ብለሽኛል፤ አባትሽ የሸመነልሽ ጋቢ ይበቃሻል? እህል ይወርድልሻል? እኛ አባትሽም፣ እማማ በለጥሽም፣ ታናሽ ወንድምሽ ዘርአብሩክም አለን። ደኅና ነን ብዬ ለመጻፍ እጄ እሺ ባይለኝም የታመመ ሰው በቤታችን የለም፤ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

የወንድምሽን ሞት ዘግይታችሁ ነገራችሁኝ ብለሽ ማዘንሽን አንብቤያለሁ። ልጄ፣ ሞት በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብቻሽን ስልክ ጨብጠሽ እንድትወድቂ አልፈለግንም። የአገርሽ ልጆች ማለዳ ተሰብስበው መጥተው እንዲያረዱሽ ሰው ፈልገን እስክናገኝ ነው የዘገየነው። በዚህ አትቀየሚን። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልጻፍኩልሽም፤ ወረቀቱን ሳነሳ የሰሊሆም ስም ካልገባበት ምን እጽፋለሁ፣ ከገባበትስ እንዴት እጽፈዋለሁ እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ግን የምጽፈው ነገር አለኝ። ሰሊሆም ለኩልፎ ሙዝ አምራቾች ማኅበር ያቆመው ኮምፒውተር ሊደመሰስ አንድ ጣት ነበር የቀረው። አንቺ የላክሻቸው ዲስኮችም በነገሩ ውስጥ ስላሉበት ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ፤ ይህን ደብዳቤ ቀስ እያልኩ በብዙ ቀን ነው የጻፍኩት። የሙያውን ነገር የተሳሳትኩትን ደግነት አርሞልኛል። ደግነት ማለት ያ ከሰሊሆም ጋር አብሮ የተማረው፣ ቤታችን እየመጣ ቆጮ በጎመን ሲያገኝ ጨዋታ የሚረሳው ልጅ ነው። እዚሁ አርባ ምንጭ ሥራ ይዟል፤ ስለ ወንድምሽ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ እየመለሰ ያሳርፈኛል።

የኩልፎን ወንዝ ውሃ ጣጣ ታስታውሻለሽ። ድሮ ከቦዩ ራስ ያለው ሰው ማሳው ጠጥቶ ሲጠግብ ነበር ለታችኛው የሚተርፈው። ጉልበት ያለው ይዘጋዋል፣ ጉልበት የሌለው ይለምናል። ልክነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሙዟ በቦዩ ጭራ ላይ ሁለት ጊዜ ደርቆባታል። ሰሊሆም ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ጠገነና ሊነክስ የሚባለውን፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ጫነበት። በላዩም የውሃውን ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ። በየሳምንቱ ወረቀት ያወጣል፤ ወረቀቱ ላይ በእኛ አቆጣጠር ቀኑ፣ ዕለቱና የባለተራው ስም አለ። በማኅበሩ በር ላይ ይለጠፋል። የቦዩ ራስም ጭራም እኩል ያገኛል። መጀመሪያ ያጉረመረመ ሁሉ በኋላ ወረቀቱን አይቶ ነበር ዶማውን የሚያነሳው።

ሰሊሆም አንድ ቀን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ይህ ማሽን አዲስ ነገር ሲያስፈልገው ከየትም አያነሳም አለኝ። ከየትኛው ማከማቻ እንደሚያወጣ የተጻፈ ዝርዝር አለው፤ ከዝርዝሩ ውጭ ቢገድሉት አይወስድም። እኔም እንደ እንሰት ችግኝ ነዋ አልኩት። ኦቾሎ ሳለን እናቴ ከማታውቀው ቤት ችግኝ አታመጣም ነበር፤ በሽታ ይዞ ይገባልና። ሳቀና «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጎተራ ነው የምለው» አለ። ከዚያ በኋላ እውነትም ጎተራ ነበር የሚለው፤ ላንቺም እንደዚያ ብሎ ሳይጽፍልሽ አይቀርም።

አንቺ በሰኔ የላክሽለት የዲስክ ጥቅል የደረሰው በነሐሴ ነው። የፖስታ ቤቱ ልጅ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ ሊለኝ አፉን ከከፈተ በኋላ ጥቁር ልብሴን አየና ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ሳልከፍተው ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። ስሙ በአንቺ እጅ ተጽፎበታል፤ ያን ወረቀት መቅደድ አልቻልኩም። በጥቅምት ደብዳቤሽ «እማዬ፣ ክፈቺውና ለደግነት ስጪው፤ ለማሽኑ አዲስ ጎተራ ነው» ብለሽ፣ እንዴት እንደሚገባም መስመር በመስመር ጽፈሽልኝ ነበር። አነበብኩት፤ ግን አሁንም አልከፈትኩትም። ምን ያስቸኩላል አልኩ። ዝናቡ ነበር፣ ውሃ ተራ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ሲያበቃ ነው ነገሩ የመጣው። ወረቀቱ ላይ «ኅዳር ሃያ አንድ፣ ሰኞ፣ ልክነሽ» የሚል ወጣ። በእኛ ግን ኅዳር ሃያ አንድ ረቡዕ ነው። ልክነሽ ያነበቡላትን ሰምታ የጽዮን ቀን ነው ብላ በቀኑ ሄደች። ሌላው ሙዝ አምራች አስናቀ ደግሞ ስሙ ረቡዕ ላይ ነበርና በዕለቱ ሄደ። ሁለቱ በጽዮን ዕለት አንድ ቦይ ላይ ተገናኙ። እርሷ ከፈተች፣ እርሱ ዘጋ፤ ደግማ ከፈተች። «ወረቀቱ የእኔ ነው ይላል» አላት፤ «ወረቀቱማ የእኔም ነው ይላል» አለችው። የእርሷ ወንድም ደረሰ፣ የእርሱም ወንድሞች ደረሱ። ዶማ ተነሣ። የማኅበሩ ዘበኛ ክንፉ መሐል ገብቶ ክንዱ ባይቆስል ኖሮ ሬሳ ይነሣ ነበር። የሌላውንም ሰው ተራ ወረቀቱ ላይ ሲያዩት እንዲሁ ነው፤ ቀኑና ዕለቱ አይገጥምም። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ቦዩ ላይ ዱላ ይዞ ማደር ጀመረ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ተክለጻድቅ ኮሚቴውን ሰበሰበ። ሬዲዮው የፈረንጅ ሁለት ሺህ ዓመት ሲገባ ኮምፒውተሮች ያብዳሉ እያለ ሲያወራ ከርሟል፤ አንቺም ሳትሰሚው አትቀሪም። ተክለጻድቅም «የሌላው ሰው ጊዜውን ጠብቆ ያብዳል፤ የእኛው ቸኩሎ አበደ» አለ። ሰው ሳቀ። ከሶዶ ባለሙያ መጥቶ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ዓይነት እንዲጭን ወሰኑ። የውሃውስ ተራ ብሎ ደግነት ሲጠይቅ ሰሊሆም የጻፈውን አዲሱ አያነበውም፤ ተራውን ኮሚቴው በእጁ ያወጣል አሉት። በእጅ ይወጣ በነበረ ጊዜ ማን ይጠጣ እንደነበር የኩልፎ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኮሚቴው ሰዎች ከቦዩ ወገብ በታች መሬት ያለው አንድም የለም።

ደግነት ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ እንደለበስኩ ተክለጻድቅ ቤት ሄድኩ። ለቅሷችን ላይ ድንኳን የተከለልን እርሱ ነውና ክፉ አልተናገረኝም። «እትዬ ሻሺቱ፣ ልጅዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በልጅዎ ማሽን የተነሣ ሰው ቢሞት ለእርሱም ነፍስ አይበጅም» አለኝ። ይህ ቃል ከዚያ ቀን እስከ እሑድ ድረስ ጎኔ ላይ እንደ እሾህ ተቀመጠ። ቢሆንም እስከ እሑድ ታገሡኝ፣ ደግነት ያለፈውን ሳያጠፋ ይሞክረው፣ ካልሆነ የሶዶው ሰው ይደምስሰው አልኩት። እሺ አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ጥቅልሽን ከፈትኩ። ወረቀቱን አልቀደድኩትም፤ ሙጫውን በእንፋሎት አላቀቅኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ፣ ማንጎው ሥር ሰው ሞላ። ኮምፒውተሩን ሁሉም እንዲያየው ወደ በሩ አስጠግተውታል። የሶዶው ባለሙያ መደምሰሻውን ዲስክ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፤ ወጣት ነው፣ ክፉም አይመስልም። እኔን ሲያይ «እናቴ፣ ብረት እኮ ነው፤ ነፍስ የለውም» አለኝ። አውቃለሁ ልጄ፣ ውሃው ግን ነፍስ አለው አልኩት። ከኦቾሎ አባ ሀብተሚካኤል ወርደው ነበር፤ የልክነሽንና የአስናቀን ጠብ ሊያበርዱ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር የመጡ ናቸው። በድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ያያሉ።

ደግነት ዓይኑን ከስክሪኑ እንዳያነሣ ደብዳቤሽን እኔ አነበብኩለት። እኔ አንድ መስመር ሳነብ እርሱ አንድ መስመር ይጽፋል። የኔን ንባብ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ የጎተራዎቹን ዝርዝር ክፈቱ ብለሻል፤ ከፈተ። ከላይ ያለው መስመር ሰሊሆም በስልክ መስመር ይጠራው የነበረ አዲስ አበባ ያለ የጓደኛው ኮምፒውተር ነው። ያን አትሰርዙት፣ ከፊቱ ምልክት አድርጋችሁ ዝጉት፣ ማሽኑ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል ብለሻል፤ ዘጋው። ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አስገባ። ማሽኑ እያንዳንዱን አገላብጦ ካየ በኋላ ይህን ማን ልበለው ብሎ ስም ይጠይቃል። ደግነት ዞሮ አየኝ፤ የላከችውን በስሟ ጥራት አልኩት። «መቅደስ አንድ፣ መቅደስ ሁለት» እያለ ጻፈ። መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ ሲል ሁላችንም እንደ አንድ ሰው ቀና አልን፤ አልጠፋም።

ደግነት የጠረጠረው መብራት ሲሄድ ሲመጣ ከፕሮግራሙ ሥር ያለው አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ጎተራ አውጥቶ ሊተካው አዘዘ። ማሽኑ ማውጣት ጀመረ። ወዲያው ግን ጽሑፍ መጣ፤ ደግነት ፊቱ ተለወጠ። ከጎተራው በወጣ ቁጥር ያው ጽሑፍ ይመጣል። ምን ይላል ተባለ። «ይህ ፋይል ገና ካልደረሰ ዘመን የመጣ ነው ይላል» አለ። ተክለጻድቅ «ልጅቷ ከህንድ የላከችልን የነገ ዕቃ ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አንዱ ልጄ ሞቶ፣ ሌላዋ ልጄ በሌለችበት አደባባይ ላይ መሳቂያ ስትሆን ደብዳቤውን አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

ሁሉም ነገር ከተተካ በኋላ ደግነት የሳምንቱን ወረቀት አሳተመ። ዕለቱ እሑድ፣ ቀኑ ኅዳር ሃያ አምስት ነው። ወረቀቱ ግን «ኅዳር ሃያ ስድስት፣ ቅዳሜ» ይላል። ደግነት ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ተክለጻድቅ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ለሶዶው ሰው በአገጩ ምልክት ሰጠው። ሰውዬው ዲስኩን ከኪሱ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መቅደስ፣ ያን ጊዜ ልጮህ ነበር። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

አባ ሀብተሚካኤል «ቆይ» አሉት። ሰውዬው እጁን አነሣ። «ይህ ማሽን መቼ ነው የታመመው?» ብለው ጠየቁ። ሰሊሆም ከሞተ ወዲህ ነው አሏቸው። «በእርሱ ጊዜ ደኅና ከነበረ አላበደም። ይህ ጎሜ ነው፤ የተደበቀ ጥፋት ያመጣው ጣጣ። አንድ ሰው ነክቶ ያልተናገረው ነገር አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይኸኛው ዝም ግን ውሃችንን አነቀዘው። ልጁ ከሞተ በኋላ ይህን ዕቃ የነካ ሁሉ የነካውን ይናገር። የተናገረ አይቀጣም» አሉ። የሶዶው ሰው ለደግነት በጆሮው አንድ ነገር ብሎት ፈገግ አለ፤ ደግነት ግን ፈገግ አላለም። አገራችን ላይ ዝናብ ሲቀር፣ ከብት ሲሞት ሽማግሌ እንዲህ እንደሚጠይቅ አንቺም ታውቂያለሽ፤ በኮምፒውተር ላይ ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያው ነው።

ክንፉ ክንዱ እንደታሰረ ቀደመ። ሬዲዮዬን ልሰካ ብዬ የማሽኑን ገመድ ነቅያለሁ አለ። አንዱ ከኋላ «ሲያስፈራራን የከረመውን ሬዲዮ ነዋ» አለው። ተክለጻድቅ ራሱ ተነሥቶ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬዋለሁ አለ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሙዝ አስቀምጬበታለሁ፣ ጭማቂውም ወርዷል አለች። እኔም ከአርባው በኋላ መጥቼ አቧራውን ጠርጌያለሁ፣ ቁልፎቹን በጣቴ ነክቻለሁ፣ አልተጫንኩም አልኩ። እያንዳንዱን ደግነት ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይህ አይደለም ማለቱ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ወልደሥላሴ ከመዝጊያው አጠገብ ቆመው ነበር። ሰሊሆም ወረቀት ማውጣት ያስተማራቸው፣ አስከሬኑንም ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ የነካሁት ለመልካም ነው» አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «የፈረንጅ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ያብዳል ሲባል ሰማሁ። ይህ ማሽን በፈረንጅ ዘመን ነው የሚቆጥረው፤ ወረቀቱ ላይ ነው ወደ እኛ የሚመልሰው። ታዲያ የእኛ ሁለት ሺህ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ በመስከረም ዓመቱን ዘጠና ሁለት ብዬ ወደ እኛ መለስኩት። ወሩንና ቀኑን አልነካሁም። የልጁ ሥራ ስምንት ዓመት በሰላም እንዲኖር ብዬ ነው።» ይህን ብለው አለቀሱ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲያለቅሱ ማየት ከባድ ነው።

ደግነት ግንባሩን በእጁ መታ። «ማሽኑ እኮ ሲነግረኝ ነበር» አለ። ሰዓቱን ሰሊሆም ራሱ የሞላው ነው ብሎ አልጠረጠረውም ነበር። ነገሩን ለሁሉም አስረዳ። ማሽኑ ዘንድሮን የፈረንጅ 1992 ነው ብሎ ያምናል፤ የመቅደስ ዲስክ የተሠራው በፈረንጅ 1999 ነው፤ ለዚህ ነው ገና ካልደረሰ ዘመን የመጣ ነው ያለው። የሰሊሆም ፕሮግራም ደግሞ ያን ዓመት እንደ ፈረንጅ ወስዶ እንደገና ወደ እኛ ሲመልሰው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ የዚያን ዓመት ዕለትና ቀን ነው የሚያወጣልን። በወረቀቱ ላይ ዓመት ስለማይጻፍ ማንም አላየውም። ዲስኩም፣ ጎተራውም፣ ፕሮግራሙም እንከን የለባቸውም አለ። ያን ጊዜ የሶዶው ሰው ከወንበሩ ተነሣ፤ ዲስኩንም ወደ ኪሱ መለሰ።

ተክለጻድቅ አቶ ወልደሥላሴን ሊቆጣ ጀምሮ ነበር፤ አባ ሀብተሚካኤል «ተናግሯል፤ አለቀ» አሉት። ልክነሽንና አስናቀንም እርጥብ ሣር አስይዘው አስታረቁ። አስናቀ «ሁለታችንም ልክ ነበርን ማለት ነው?» ሲል ልክነሽ «ሁለታችንም ያለፈ ዘመን ውሃ ስንሻማ ነበር» አለችው።

ደግነት ተቀምጦ ዓመቱን ሊመልስ ቁልፎቹን ሲያዘጋጅ እኔ አንድ ነገር ጠየቅኩት። በማሽኑ ልብ አሁን በእኛ ስንት ነው አልኩት። «ሰማንያ አምስት ነው እትዬ» አለኝ። ሰማንያ አምስት ኅዳር ምን እንደነበር ልንገርሽ? ሰሊሆም አሥረኛ ክፍል ነበር። አንቺን በፋኖሱ ይጣላሽ ነበር፤ አንቺ መጽሐፍሽን፣ እርሱ የፈታውን ሬዲዮ ወደ ብርሃኑ እየጎተታችሁ። ሰማያዊ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዶ እኔ በአረንጓዴ ክር ስለሰፋሁት አኩርፎኝ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ይህ ማሽን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እኔ መቃብሩ ላይ ስሄድ፣ ልብሱን ለድኻ ስሰጥ፣ ማሽኑ ሰሊሆም በሚያኮርፍበት ዓመት ውስጥ ቆሞ ነበር።

ደግነት ጣቱን አንሥቶ «ልመልሰው?» አለኝ። ሰዉ ለምን እንደሚጠይቀኝ አልገባውም፤ እኔ ግን ገባኝ፤ እርሱም ያሰበው ያንኑ ነበር። የነጠላዬን ጫፍ ጠቅልዬ ያዝኩ። ተክለጻድቅ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ሀብተሚካኤል ተዋት አሉት። ልጄ፣ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ቁጥር ቢቀየር ወንድምሽ አይነሣም፣ ባይቀየርም አይነሣም። ቢሆንም ዓይኔን ከቁጥሩ መንቀል አልቻልኩም። ልክነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እግሯ ላይ የቦዩ ጭቃ ደርቋል። ጭቃውን አየሁና ደግነትን «ወደ ዛሬ አምጣው» አልኩት።

አመጣው። ወረቀቱ «ኅዳር ሃያ አምስት፣ እሑድ» ብሎ ወጣ። ልክነሽ ማንበብ ስለማትችል «እሑድ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እሑድ ይላል አልኳት። የእርሷ ተራ በማግስቱ ሆኖ ተገኘ። ሰኞ ማለዳ ቦዩ ዳር ሄጄ ቆሜ አየሁት፤ ውሃው ማንም ሳይዘጋው እስከ ጭራው ወርዶ ሙዟ ሥር ገባ።

የሶዶው ሰው ከመሄዱ በፊት የጎተራውን ዝርዝር እንዲያሳየው ደግነትን ለመነው፤ ሁለቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አጎንብሰው ሲነጋገሩ ዋሉ። ተክለጻድቅ ግን ልቡ አላረፈም። ማሽኑ የፈረንጁን ሁለት ሺህ ሲሻገር እናያለን፤ ካበደ ይደመሰሳል ብሏል። ደግነት የሰሊሆምን ጽሑፍ አገላብጦ አይቶ፣ ዓመቱን በአራት ቁጥር ሙሉ አድርጎ ስለጻፈ አይሰናከልም ይለኛል። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ዘመኑ ተሻግሮም ይሆናል። ምናልባት ቀድሞ ከደረሰሽ፣ ለእኔ ሳይሆን ለተክለጻድቅ በእንግሊዝኛ ጻፊለት፤ ከውጭ የመጣ ወረቀት ያምናል። እኛ ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። እስከ ሰኔ ያለውን ተራ ሁሉ ደግነት አሁኑኑ በወረቀት አውጥቶ ለየቤቱ አድሏል። አቶ ወልደሥላሴ በየበሩ እየዞሩ የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ምንም ቢመጣ የዘንድሮው ውሃ ከሰው እጅ አይወጣም።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ከሐምሌ ወዲህ ትቶት የነበረውን ሽመና ባለፈው ሳምንት ጀምሯል፤ ብዙ አይናገርም፣ መወርወሪያው ግን ሲሄድ ይሰማኛል። እማማ በለጥሽ ጉልበቷን ይዛ ትስምሻለች፤ ህንድ አገር ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ ብላ መጠየቅ አልተወችም፤ አለ ብለሽ ጻፊላት። ደግነት ሰላምታ አቅርቢልኝ ብሏል፤ ሦስተኛው ዲስክ ላይ ጭረት አለ፣ ሆኖም አንብቧል ብለሽ ጻፊላት ብሎኛል። ልክነሽም ሰላም ብላሻለች፤ በስምሽ የተጠራውን ዲስክ ካላሳያችሁኝ ብላ መጥታ እንደ መስተዋት ፊቷን አየችበት።

ዘርአብሩክ ጉንጭሽን ይስማል። እርሱ ከሐምሌ ጀምሮ በሰሊሆም አልጋ አጠገብ መሬት ላይ አንጥፎ ነበር የሚተኛው፤ አልጋውን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም ነበር። ያን እሑድ ከኩልፎ ስመለስ አንሶላውን አጠብኩና አልጋው ላይ አስተኛሁት። ሁለት ሌሊት ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ አደረ። በሦስተኛው ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ መሐሉን ይዞ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ትምህርት ቤት እንዲረፍድበት ተውኩት።

እናትሽ ሻሺቱ
አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 ዓ.ም.